ናይል ፐርችን በምን እናውቀዋለን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሪያድ ከተማ፣ ፉጣ ሰፈር ሆናችሁ በስልካችሁ የምትከታተሉን እህት ወንድሞቻችን፣ ከበጥሃም ከመንፉሃም ያላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ሥራ ላይ ሆናችሁ ጆሯችሁን ብቻ የሰጣችሁን፣ በርቱ። ዛሬ ዕረፍት የሆነላችሁ ደግሞ ቡናውን አፍሉና አብረን እንቆይ።

የዛሬው ወጋችን ስለ ዓሣ ነው። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዓሣ ገበያ ገብታችሁ በረዶ ላይ የተደረደረውን ስታዩ ስንቱን ትለያላችሁ? ሐሙር ይሏችኋል፣ ቡልጢ ይሏችኋል፣ ሲባስ ይሏችኋል። ሻጩ ያለውን አምናችሁ ነው የምትገዙት ወይስ ዓሣውን ራሱን አይታችሁ?

ዓሣ ለእኛ ሰው የተለየ ነገር አለው። ሥጋ ሲሆን ማን አረደው ይባላል፤ ሙስሊሙ የሙስሊሙን፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን ይፈልጋል። ዓሣ ሲሆን ግን አንድ ክፍል የሚኖሩ ጓደኛሞች ከአንድ ድስት ይበላሉ። በሁዳዴ ደግሞ አገር ቤት የዓሣ ገበያ ይደራል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና ወደ ዛሬው ባለ ጉዳይ ልለፍ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ባለ ጉዳያችን ናይል ፐርች ነው። አሜሪካኖች ባስ የሚሉት የሐይቅ ዓሣ አላቸው፤ ሰዉ በዘንግ ሊያጠምደው ውድድር ይገባል። በመልኩም በአዳኝነቱም ለእርሱ የሚቀርበው የእኛ አገር ዓሣ ናይል ፐርች ነው። በመጠን ግን አይገናኙም። ናይል ፐርች ሲያድግ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ይደርሳል። በዘንግ ተይዞ በዓለም ክብረ ወሰን የተመዘገበው 104 ኪሎ የሚመዝነው ሲሆን፣ የተያዘውም እ.ኤ.አ. በ2000 ግብፅ ውስጥ፣ በናስር ሐይቅ ነው። ሁለት ጎልማሳ ሰው ይሸከመዋል ብዬ አላምንም።

አገራችን ውስጥ የት ይገኛል? አርባ ምንጭ አጠገብ ባሉት በጫሞና በዓባያ ሐይቆች ይገኛል። በኦሞ ወንዝና ኦሞ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ አለ። ጋምቤላ ላይ በባሮ ወንዝ አለ። ዓባይ ወደ ሱዳን ድንበር ሲወርድ እዚያም አለ። አርባ ምንጭ ገብቶ የዓሣ ኮተሌት የበላ ሰው በስም ባያውቀውም ከናይል ፐርች ጋር ሳይተዋወቅ አልቀረም።

ጎጃሞችና ጎንደሮች አሁን፣ «ጣናስ?» ሳትሉ አትቀሩም። ጣና ላይ የለም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ትንሽ እንደ ሄደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ፏፏቴ ሽቅብ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ለረጅም ዘመን ለብቻው ኖረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ይገርማል። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው አለ፤ ሳይንሱ ላቤኦባርበስ ይለዋል። የዚህ ዓሣ ወገን መንጋጋው ላይ አንዲት ጥርስ የለውም፤ ለአደን የተፈጠረ አይመስልም። እንደ ናይል ፐርች ያለ ትልቅ አዳኝ በሌለበት ሐይቅ ግን ነጭ ዓሣው ራሱ ወደ 15 በሚሆኑ ዝርያዎች ተከፋፈለ፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ዓሣ አሳዳጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እነዚህን ዝርያዎች አንድ በአንድ ለይተው ጽፈዋል። አዳኙ ቢጎድል ቦታው ባዶ አልቀረም ማለት ነው።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ እሺ፤ አሁን ዓሣው ፊታችሁ ተዘርግቷል እንበል። ናይል ፐርች መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አራት ቦታ እንይ፦ ዓይኑን፣ የጀርባ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ አፉን። ልድገመው፤ ዓይን፣ የጀርባ ክንፍ፣ ጅራት፣ አፍ።

ከዓይኑ እንጀምር። የናይል ፐርች ዓይን ትልቅ ነው፤ መሐሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያውን ደማቅ ቢጫ ቀለበት አለው። ገላው ብርማ ነው፤ ጀርባው ላይ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ዓይኑን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። በጣም ትንንሾቹ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆኑ ሌላ ዓሣ ሊመስሏችሁ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የጀርባ ክንፉ። ስንት ናቸው? ሁለት። የፊተኛው ሰባት ወይም ስምንት ጠንካራ እሾህ አለው፤ ሲቆጣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ጎድጎድ ይልና ሁለተኛው፣ ለስለስ ያለው ክንፍ ይጀምራል። ቆሮሶን፣ እዚህ ሪያድ ቡልጢ የሚሉትን ቲላፒያ አስታውሱ። የእርሱ የጀርባ ክንፍ ከፊት እስከ ኋላ ሳይቋረጥ አንድ ረጅም ክንፍ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ ጎድጎድ ብሎ የሚለይ ቦታ ካላያችሁ ዓሣው ናይል ፐርች አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጅራቱ። የናይል ፐርች ጅራት ጫፉ ክብ ነው። የነጭ ዓሣ ጅራት ግን ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የቆሮሶ ጅራት ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። አምባዛን ለመለየት ጅራት ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም አለው።

አራተኛ፣ አፉ። ትልቅ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ግንባሩ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል። ጥርሱስ? ጫሞ ውስጥ ታይገር ፊሽ የሚባል ሌላ አዳኝ አለ፤ የእርሱ ጥርስ የሾለና የተራራቀ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የናይል ፐርች ጥርስ ግን ጥቃቅንና የተጠጋጋ ነው፤ አፉን በጣት ብትዳብሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ያደነውን አይቆራርጠውም፤ አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውሃው ይስበውና ይውጠዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው የስንጥቡ ክዳን ነው። ጠርዙ ላይ ሹል እሾህ አለው፤ እጅ ይቆርጣል። ወጥ ቤት ዓሣ የምታዘጋጁ እህቶቼ፣ ጓንት አድርጉ ወይም ወፈር ባለ ጨርቅ ያዙት። የተቆረጠ ጣት ይዞ በበነጋታው ዕቃ ማጠብ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ማጥመዱ። ቅድም ዓይኑ ትልቅ ነው ብያለሁ። ለምን ይመስላችኋል? ብርሃን ሲያንስ ስለሚያድን ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ማታ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት፣ ያን ጊዜ የእርሱ ሰዓት ነው። ትንሹ ዓሣ ሳያየው እርሱ ያያል። እንግዲህ አስጋሪውም በዚሁ ሰዓት ይመጣበታል።

የጫሞ አስጋሪዎች መረባቸውን ማታ ዘርግተው ጠዋት ያነሱታል። መረቡ ውሃው ውስጥ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ዓሣው በጨለማ ሲመጣ ራሱ ይገባና ስንጥቡ ላይ ይያዛል። ወደፊት አያልፍ፣ ወደኋላ አይመለስ። ሌላው ዘዴ ብዙ መንጠቆ የታሰረበት ረጅም ገመድ ነው። መንጠቆው ላይ የሚሰካው የቆሮሶ ወይም የሌላ ዓሣ ቁራጭ ነው። ናይል ፐርች ሕፃን ሳለ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትንና የውሃ ተባዮችን ይበላል፤ ካደገ በኋላ ግን ዋና ምግቡ ዓሣ ነው። በእንጀራ ፍርፋሪ አይታለልም።

በዘንግ ለሚያጠምድ ሰው ዋናው ነገር ክሩ ነው። ሻካራው አፍና ስለታሙ የስንጥብ ክዳን ተራውን የናይለን ክር ፈግፍገው ይበጥሱታል። ስለዚህ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ወፍራም ክር ወይም የብረት ሽቦ መሆን አለበት። የት ይጣላል? አለታማ ዳር፣ የወደቀ ግንድ አጠገብ፣ ፈጣኑ የወንዝ ውሃ ከረጋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ናይል ፐርች እንዲህ ያለ ቦታ ተደብቆ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ሲያዝ ከውሃው በላይ ይዘልና ራሱን በኃይል ያራግፋል፤ ክሩ በዚያች ቅጽበት ከላላ መንጠቆው ይወልቃል። ልድገመው፤ ሲዘል ክሩን አታላሉ።

ስለ ኦክስጅን አንድ ነገር ልበል። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ጭቃ ውስጥ እንኳ ይቆያል። ናይል ፐርች ግን ኦክስጅን በደንብ ያለበት ውሃ ይፈልጋል፤ ከውሃ ሲወጣ ቶሎ ይሞታል። እና ትንሽ ሆኖ አግኝታችሁት ልትለቁት ካሰባችሁ ፎቶ ለመነሳት አትቆዩ። ጓንት ባደረገ እጅ የታችኛውን መንጋጋ ይዛችሁ፣ መንጠቆውን አውጥታችሁ፣ ወዲያው ወደ ውሃው። ስንጥቡ ውስጥ ጣት አይገባም፤ ስንጥቡ የተጎዳ ዓሣ ቢለቀቅም አይተርፍም።

ጫሞ ላይ ደግሞ ከዓሣው በላይ የሚያሰጋ ነገር አለ። አዞ! ለጉብኝት በጀልባ የሄዳችሁ የአዞ ገበያ የሚባለውን ቦታ ታውቁታላችሁ። ጉማሬውም አለ። በጫሞና በዓባያ ላይ አንዳንድ አስጋሪዎች አሁንም ከቀላል እንጨት በተሠራች፣ ከውሃው ብዙም ከፍ በማትል ታንኳ ይወጣሉ። ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ የዓሣ ዋጋ ተወደደ ሲል ይህን ቢያስብ እላለሁ። ከዳር ሆኖ ውሃ ውስጥ እግር ነክሮ ማጥመድ ግን በፍጹም አይሞከርም።

(የውሃ ድምፅ፤ ለጥቂት ሰከንዶች፤ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ጫሞ በትልልቅ ናይል ፐርች የታወቀ ሐይቅ ነበር። አሁን ግን አስጋሪዎቹም ተመራማሪዎቹም የሚሉት አንድ ነው፤ የሚያዘው እያነሰ፣ እየደቀቀም መጣ። ምን ሆነ? ዋናው ጥፋት የመረቡ ዓይን መጥበብ ነው። ርካሹ የነጠላ ናይለን ክር መረብ ጥቃቅኑን ሁሉ ያግዛል። ሲቀደድም ሐይቁ ውስጥ ይጣላል፤ ባለቤት የሌለው መረብ ደግሞ ዓሣ መያዙን አያቆምም።

ይህ ዓሣ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ትልቅ ሴት በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ትንሹን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ ከያዝነው፣ ትልቋንም ካልተውናት፣ የሚቀጥለው ከየት ይመጣል? ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥታለች። ወረቀቱ ከተጻፈ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ መረቡ ግን አሁንም ገበያ ላይ ይሸጣል።

«ታዲያ ሌላ ሐይቅ ወስደን ብንጨምረውስ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርችን ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ጨመሩት። ለዓመታት ድምፁ ጠፋ፤ በ1980ዎቹ ግን ሐይቁን ሞላው። ፋብሪካ ተከፈተ፣ ፊሌቶው በአውሮፕላን አውሮፓ ገባ፣ ብዙ ሰው እንጀራ አገኘ። በሌላ በኩል ሌላ የትም የማይገኙ፣ ወደ 200 የሚገመቱ ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች ከሐይቁ ጠፉ። ይባስ ብሎ የድሮውን ትንሽ ዓሣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይበቃ ነበር፤ ስባሙ ናይል ፐርች ግን በጭስ ካልደረቀ አይቆይም፤ ስለዚህ ለማገዶ ዛፉ ተቆረጠ። ተጠያቂው ዓሣው ነው ብዬ አላምንም። ጫሞ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ቪክቶሪያ ያስገባው ሰው ነው።

ዓሣው ለሰው ልጅ የቆየ ወዳጅ ነው። ላይኛው ግብፅ ውስጥ ኢስና የምትባል ከተማ አለች። የጥንት ግሪኮች በዚሁ ዓሣ ስም ላቶፖሊስ ይሏት ነበር። የጥንት ግብፃውያን እዚያ ናይል ፐርችን እንደ ክቡር ሰው ገንዘው ይቀብሩት ነበር፤ ቁፋሮ ሲካሄድ የተገነዙት ዓሦች ተገኝተዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ወደ ሪያድ እንመለስ። ፉጣ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ያደርግበታል? ገበያ ይዞት ይሄዳል።

የናይል ፐርች የቅርብ ዘመድ እዚሁ አለ፤ ባራሙንዲ ይባላል። ሳዑዲ ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ይረባል። ከአራቱ ቦታዎች ሦስቱን እዩለት፦ የጀርባ ክንፉ በእሾህ ይጀምራል፣ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፣ ጅራቱ ክብ ነው፣ መንጋጋው ቀደም ይላል። ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ላቴስ ከሚባለው ወገን ናቸው። የባራሙንዲ ግርምቱ፣ አብዛኛው ወንድ ሆኖ ይጀምርና ሲያድግ ወደ ሴትነት መለወጡ ነው። ኮተሌት ለናፈቃችሁ ለአርባ ምንጩ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ሥጋው ነጭና ወፍራም ነው።

ሲባስ ሲሏችሁ ጅራቱን እዩ፤ የተሰነጠቀ ነው። ሁለቱ የጀርባ ክንፎቹም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሐሙር ሲሏችሁ ጀርባውን እዩ፤ ክንፉ አንድ ወጥ ነው፣ ገላው ነጠብጣብ ወይም ዝንጉርጉር ነው። አያችሁ፣ ዓረብኛው ባይሟላልን እንኳ ዓይናችን ይሠራል።

ጎረቤቶቻችሁ ግብፃውያን ወይም ሱዳናውያን ከሆኑ ስለ ናይል ፐርች ጠይቋቸው። ግብፃዊው ቂሽር በያድ ይለዋል፤ ሱዳናዊው ዒጅል ይለዋል፣ ጥጃ ማለቱ ነው። ከዓባይ ወንዝ ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ ጥሩ ወሬ መክፈቻ ይሆናል።

ችግሩ ፊሌቶ ላይ ነው። ቆዳው ተገፎ፣ ራሱ ተቆርጦ፣ በላስቲክ ታሽጎ ሲቀርብ ዓይን የለ፣ ክንፍ የለ፣ ጅራት የለ። ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚሸጠው ስሱ ነጭ ፊሌቶ ፓንጋሲየስ ነው፤ ከቬትናም የሚመጣ፣ የአምባዛ ዘመድ። መጥፎ ነው አላልኩም፤ በሐሙር ወይም በናይል ፐርች ዋጋ ግን መግዛት የለባችሁም። ላስቲኩ ላይ የዓሣው ዝርያና የመጣበት አገር ተጽፎ እንደሆነ አስነብቡ። የቪክቶሪያው ፊሌቶ ከዩጋንዳ፣ ከታንዛኒያ ወይም ከኬንያ ነው የሚመጣው።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ። «ዋዲ ሐኒፋ ሄደን ብናጠምድስ?» ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐኢር በኩል ያሉትን ውሃዎች ማለታችሁ ነው። ዋዲው ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘ ውብ ቦታ ነው። እዚያ የምታዩት ቡልጢ ነው፤ ናይል ፐርች አትጠብቁ። የውሃው አብዛኛው ከከተማዋ ወጥቶ የተጣራ ፍሳሽ ነው፤ ቡልጢውም የተጨመረው ማጣራቱን እንዲያግዝ ነው። ስለዚህ ለሽርሽር ሂዱ፣ ልጆችም ውሰዱ፤ እኔ ግን ከዚያ የወጣ ዓሣ አልበላም። ዘንግ ከመጣላችሁም በፊት መፈቀዱን ጠይቁ። በሰው አገር ለአንድ ቡልጢ ተብሎ ከፖሊስ ጋር አይነታረኩም።

ገበያ ስትሄዱ እንግዲህ ሙሉውን ዓሣ ምረጡ፤ ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ሻጩ ፊታችሁ ይገፈው፣ ይሰንጥቀው። ራሱንና አጥንቱን አስጨምሩ፤ ሾርባ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት አምባዛን ይዘን እንመጣለን፤ ጢሙ ለምን እንደሚጠቅመው እናያለን። እስከዚያው ደህና ሁኑልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)